አባቴን ያስቀመጥኩበት ወንበር

ካዛንቺስ ውስጥ እኛ በምንኖርበት ረድፍ እንደ እኔ ምርቃት የጠገበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለቅሶ ቤት ስገባ፣ ዳቦ ቤት ስሰለፍ፣ መኪናዬን ከግቢ ሳወጣ እመረቃለሁ። አባቷን የምትጦር፣ ልጅስ እንደ እሷ፣ ወልዶ መካስ እንዲህ ነው እያሉ ሲያዘንቡብኝ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ። አንገት መድፋቴም እንደ ትሕትና ይቆጠርልኛል። ትሕትና አይደለም። የመራቂዎቼን ዓይን ማየት ስለማልችል ነው። እኔ አባቴን አልጦርኩም፤ አባቴን አስቀመጥኳቸው። ነገሩን ከሥሩ ካልተናገርኩት ደግሞ ይህም ሌላ ምርቃት ፍለጋ ይመስልብኛል።

አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ቀያሽ ማለት መንገዱ ከመኖሩ በፊት በእግሩ የሚሄድበት ሰው ነው ይሉ ነበር። ጡረታ ሲወጡ መሣሪያውን ለመሥሪያ ቤታቸው አስረከቡ፤ ልማዱን ግን አላስረከቡም። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ከዘራው ለመደገፊያ አልነበረም፤ ነገር መጠቆሚያ ነበር። በእስጢፋኖስ በኩል ወርደው፣ መስቀል አደባባይን አቋርጠው፣ ስታዲየም አጠገብ ወዳለች አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ይሄዳሉ። እዚያ እንደ እሳቸው ጡረታ የወጡ ሁለት ጓደኞቻቸው ይጠብቋቸዋል። አንድ ጋዜጣ ለሦስት ያነባሉ፣ ስለ ኳስ ይከራከራሉ፣ ከዚያ በመጡበት መንገድ ሽቅብ ይመለሳሉ። ከበራችን እስከ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ እንጃ። ዝናብ ሲሆን እርምጃቸው ስለሚያጥር ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ ያልፋል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይፈታል።

እኔ ደግሞ የወንበር ሰው ነኝ። ትዳሬ ፈርሶ ወደ አባቴ ቤት ስመለስ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ ወንበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ሳህኔ ጎድሎ አያውቅም። ኪሎዬን ለሰው መናገር የቻልኩት በቅርቡ ነው፤ ያኔ ዘጠና አራት ነበርኩ። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ደረጃውን ስወጣ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ መሃል ላይ እቆም ነበር። ማንም ያልደወለበትን ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፤ ትንፋሼ እስኪመለስ።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ለራስ ምታት ብዬ መስቀል ፍላወር አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ፣ የደም ግፊትና ወደ ስኳር የተጠጋ ደም ይዤ ወጣሁ። ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማትርቅ፣ ንግግሯ የተቆጠበ ሴት ናት። መድኃኒቱን ጽፋ ስታበቃ፣ በዚህ ኪሎ ብሮጥ ጉልበቴን እንደምጎዳው፣ ብረት ማንሳትም እንዳላዘዘችኝ ነገረችኝ። የሚበቃኝ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ እያወሩ መሄድ በሚቻልበት ፍጥነት መራመድ ነበር። ብቻሽን ከጀመርሽው ትተዪዋለሽ፣ የሚራመድ ሰው ፈልጊና ተጠጊው አለችኝ። የሚራመድ ሰው ፍለጋ ከቤቴ መውጣት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

ለአባቴ ስነግራቸው ለሕመሜ አዝነው ለመታየት ሞከሩ፤ ደስታው ግን አሸነፋቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ማታ ለጠዋት ሲዘጋጁ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ባርኔጣቸውን ቦርሸው፣ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ሁለት ጊዜ ነግረውኝ ተኙ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። እሳቸው ሰባ ሦስት፣ እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ ይቀለኛል ብዬ ነበር። እስጢፋኖስ ሳንደርስ ማለክለክ ጀመርኩ። ሽቅብ ሲወጣ የሚያለከልክ ሰው ወግ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚያለከልክ ሰው ግን ጉድ ነው። አባቴ ድንገት ቆሙና በከዘራቸው ወደ አንድ ሕንፃ ጠቁመው፣ ጎርፉ በየት በኩል መውረድ እንደነበረበት ያስረዱኝ ጀመር። ጥቂት ሄደን ደግሞ ቆሙ፤ አሁን የጫማቸው ማሰሪያ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆሙ ገባኝ። እያሳረፉኝ ነበር፤ እንዳላፍር ብለው በሰበብ ነው የሚያሳርፉኝ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ልብ የሚያቀልጥ ነገር ነበር። እኔን አናደደኝ።

አደባባዩ ጋ ስንደርስ ሁለት ወጣት ሴቶች እየሮጡ አለፉንና አንዷ ዞር ብላ «አይዞሽ እናቴ» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። ከአባቴ ጎን ሆኜ እኔ እናት፣ እሳቸው ግን እንደ ጎረምሳ ቀጥ ብለው። ስታዲየም እንደደረስን ጉዳይ እንዳለብኝ ነግሬያቸው ታክሲ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ከጓደኞቻቸው ጋር ሊያስተዋውቁኝ ሻይ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

አባቴ ጥፋቱን ከእኔ ላይ አንስተው በጫማዬ ላይ ጣሉት። የቢሮ ጫማ ለመንገድ አይሆንም ሲሉ ዋሉ። ሰኞ ከሥራ ስገባ ስታዲየም ካሉት ጫማ ሻጮች የገዙትን ካርቶን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። ነጭ ሸራ ጫማ፣ በጎኑ ሐምራዊ መስመር ያለው። ቁጥሬን ለማወቅ በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማ ገልብጠው አይተው ነበር። ፊታቸው ሆኜ ለካሁት፤ ሳስረው ተናድጄ ስለነበር የግራው ማሰሪያ ጫፍ ላይ ያለችው ፕላስቲክ እጄ ላይ ቀረች።

ልኬ ነበር። እንደዚያ የተመቸኝ ጫማ ከዚያ በፊት አላስታውስም።

«ጠበበኝ» አልኳቸው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው ያልኩት። ጫማ ከጠበበ እኔ ሰነፍ አይደለሁም፤ ጥፋቱ የጫማው ነው። አባቴ ካርቶኑን ዘጉት። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ሄደው ከተመለሱ በኋላ፣ የጫማ ሻጩ ከሰዓት ነው የሚመጣው ብለው በጠራራ ፀሐይ እንደገና ወጡ። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ይዘው መጡ። «ይህ ደግሞ ሰፋኝ» አልኳቸው። በሦስተኛውም ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲሁ ሄደው ተመለሱ። አሁን ካርቶኑን ሳልከፍተው «ይኼስ ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባባ» ብዬ አልጋዬ ሥር ገፋሁት። ለአንድ ውሸቴ ሽማግሌ ሰው ካዛንቺስና ስታዲየም ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ተጓዘበት።

እንዳልራመድ ሌላም ሰበብ አበጀሁ። ደምበል አካባቢ ካለ ጂም ተመዘገብኩ። በዕድሜው ልጄ ሊሆን የሚችል አሠልጣኝ ትሬድሚሉ ላይ አቆመኝና «ማዘር፣ ቀስ በቀስ ነው እሺ፤ ማለቴ በቃ ዛሬ አስር ደቂቃ ብቻ» አለኝ። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። ራሴን ከፊት አይቼ ስሸሽ ከጎን አየዋለሁ። አራት ቀን ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የጂሙን መታወቂያ በቦርሳዬ ይዤ፣ ጂም ነበርኩ እያልኩ ኬክ ቤት ተቀምጬ የመጣሁባቸው ቀናት አሉ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ግን የቆጡንም ለማውረድ እጄን አልዘረጋሁም።

አባቴ መራመዳቸውን ቀጠሉ፤ ጭንቄም እሱ ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዘራቸው በመስኮቴ ሥር ሲሚንቶውን እየነካ ያልፋል። አንድም ቀን ነይ ብለው አላስገደዱኝም። በመስኮቴ ትይዩ ሲደርሱ ብቻ ትንሽ ቆም ይላሉ። ብርድ ልብሴን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ እስኪያልፉ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። አምሳ ዓመት የሚጠጋት ሴት ከአባቷ የእግር ኮቴ ስትደበቅ ማየት ነበር።

በዚህ መሃል የእድራችን አባል የሆኑ አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አባትሽ በዚህ ዕድሜያቸው በእግራቸው ሲንከራተቱ መኪናሽ ምን ታደርግልሻለች አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያወራ፣ እሳቸው ስለሚወዱኝ ብቻ እንደነገሩኝ ጨመሩበት። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ሰፈር ቀላል አይደለም። ልጅ ያለው ሽማግሌ በእግሩ ከሄደ፣ ዳቦ ከገዛ፣ ውኃ ለመቅዳት ከተነሳ ልጁ ይታማል። አፈርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሴትዮዋ ይህን ሲሉኝ ደስ አለኝ። አባቴን ማስቆሚያ የተከበረ ምክንያት አገኘሁ።

ያን ዕለት እራት በልተን ስንጨርስ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የማደርስዎት» አልኳቸው።

«እግሬ ምን ሆነ?»

«እግርዎ ምንም አልሆነም። መኪና ይዤ እርስዎ በእግርዎ ሲሄዱ ሰው ምን ይለኛል? አፈርኩ እኮ አባባ።»

ሳህናቸውን ትንሽ ገፋ አደረጉ። ለክርክር የተዘጋጁ መስሎኝ ነበር፤ በወጣትነታቸው ከአለቃቸው ጋር ስለ አንድ ድልድይ ሁለት ወር ሲከራከሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አንቺ ከምታፍሪ እኔ ልቀመጥ» አሉ።

በመጀመሪያው ሰሞን በእውነት አደርሳቸው ነበር። ግን በመኪና ቶሎ ስለሚደረስ ሻይ ቤቱ ሳይከፈት አውርጃቸው እሄዳለሁ፤ ቆመው ይጠብቃሉ። ከዚያ በሩ አጠገብ መኪና ማቆም ስለማይቻል ራቅ አድርጌ አወርዳቸው ጀመር። መመለሻው በታክሲ ሆነ፤ የታክሲው ወረፋ ደግሞ ከሳቸው የእግር መንገድ ይረዝማል። በእግሬ ልመለስ ሲሉ ሰው ያይዎታል እላለሁ። ቀስ እያሉ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከዚያ አንድ ቀን፣ ከዚያ «ዛሬ ይቅርብኝ፣ አንቺም ታርፊያለሽ» ሆነ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ ይባል የለ? አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። በመስኮቴ ሥር የሚያልፈው ከዘራ ዝም አለ፣ እኔም እንቅልፌን ጠገብኩ።

በረንዳው ላይ ወንበር ገዝቼ አስቀመጥኩላቸው፤ መደገፊያ ያለው፣ ጥልቅ፣ ለስላሳ። ካፖርት አለበስኳቸው፣ እግራቸው ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩ። ዳቦ መግዛቱን ከእጃቸው ወሰድኩ፣ አትክልት ማጠጣቱን ወሰድኩ፣ በር ሲንኳኳ መክፈቱንም ወሰድኩ። «አይነሱ አባባ» ከአፌ የማይጠፋ ቃል ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ ቀበቷቸው አልዘጋ አለ። ጎረቤት ሁሉ ተመቻቸው፣ አማረባቸው አለ። እኛ ዘንድ መወፈር የመጦር ማስረጃ ነው። እኔም «አማረብዎት» እያልኩ አዲስ ቀበቶ ገዛሁ። ሐኪሟ በእኔ ላይ በሽታ ያለችውን በአባቴ ላይ ሳየው ምርቃት አድርጌ ተቀበልኩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ውጪው ይቀያየር ነበር። የካዛንቺስ ግማሹ ፈረሰ፤ የእኛ ረድፍ ሳይነካ ቀረ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጠፈ፣ መብራትና መቀመጫ ተተከለለት፤ ጠዋት ጠዋት ሰው በቱታ ይጎርፍበት ጀመር። አባቴ የማሽኑን ድምፅ በረንዳ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ማታ ስገባ የእግረኛው መንገድ ስንት ሜትር እንደወጣ ይጠይቁኛል። «ሰፊ ነው» እላቸዋለሁ፤ በመኪና መስኮት ያየሁትን። ለቀያሽ «ሰፊ ነው» መልስ አይደለም። ደግመው አይጠይቁኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እሑድ ጠዋት ወጥ ቤት ሆኜ የሆነ ነገር ዘጭ ሲል ሰማሁ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ማለት ለእኔ ሩጫ በሚባለው። አባቴ በወንበሩና በሳሎኑ በር መሃል ወለሉ ላይ ናቸው። ምንም ነገር አላደናቀፋቸውም። ከወንበሩ ተነሱ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ከዚያ «እግሬ እምቢ አለ» አሉኝ፤ በመገረም እንጂ በሕመም አልነበረም። በብብታቸው ገብቼ ላነሳቸው ሞከርኩ። አልተነሱልኝም። እንደገና ሞከርኩና እኔም ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። ዘጠና ስምንት ኪሎ የሆነ ሰው አባቱን ከመሬት ማንሳት አይችልም። ጎረቤት እስኪደርስልን ሁለታችንም ወለሉ ላይ፣ ጀርባችንን ለግድግዳው ሰጥተን ተቀምጠን ቆየን። እሳቸው እጄን ይዘው «አይዞሽ» ይሉኛል።

የወሰድኳቸው ወደዚያው ክሊኒክ፣ ወደዚያችው ሐኪም ነው። የተሰበረ አጥንት አልነበረም። ጭናቸውን በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ ይነሱ ስትላቸው አልቻሉም። ከዚያ መዝገቧን ከፍታ በቀን ምን ያህል ይራመዳሉ አለች። የጠየቀችው እኔን ነው። ያንን ያህል ዓመት ሦስት ሺህ አንድ መቶ አርባ እርምጃ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍትና እዘጋ ጀመር።

«ስንፍና ነው ዶክተር» አሉ አባቴ። «እሷማ ተነሳ ትለኛለች። እርጅና አሰነፈኝ እንጂ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሐሰት ነው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፣ ስለማፍር ነው፣ ስለምቀና ነው ማለት ነበረብኝ። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ አንቺስ ትራመጃለሽ ወይ አለችኝ። «አልፎ አልፎ» አልኳት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አይጧ እኔ፣ ዳዋው እሳቸው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ፤ ትዳሬም ሲፈርስ ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። እንደዚያች ደቂቃ ግን ራሴን የተጸየፍኩበት ጊዜ የለም።

ሐኪሟ ተቀምጦ የቆየ ጡንቻ በእርጅና ቶሎ እንደሚሄድና እየተግደረደረ እንደሚመለስ ነገረችን። ያዘዘችው ነገር ቀላል ነበር፤ ጠንከር ካለ ወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥር። የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዞ ተረከዝ ማንሳት። ባለ አራት እግር መደገፊያ እየገፉ ግቢ ውስጥ መሄድ። ስታዲየም ድረስ መሄድ ይችሉ ይሆን ብዬ ሹክ አልኳት። መጀመሪያ የግቢያችሁ በር ጋ ይድረሱ አለችኝ፤ ሌላ ተስፋ አልሰጠችኝም። በዚያው ሰሞን ከሁለቱ የሻይ ቤት ጓደኞቻቸው አንደኛው አረፉ። አባቴ ቀብሩ ላይ ከመኪና መውረድ አቅቷቸው በመስኮት ነው የሸኟቸው። መኪናዬ ምን እንዳደረገችላቸው ያኔ አየሁ።

ለስላሳውን ወንበር አንስቼ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር በረንዳው ላይ አመጣሁ። ሁለት አመጣሁ። ትይዩ ተቀምጠን አብረን እንነሳለን፣ አብረን እንቀመጣለን። በመጀመሪያው ሳምንት እሳቸው አራት፣ እኔ ስድስት ነበርን። እኔ ስነሳ የሚቆጥሩልኝ እሳቸው ናቸው። ስንፍና ሲሞክረኝ «አምስት ላይ ነሽ፣ አንዱን አትስረቂ» ይሉኛል። አልፎ የሚያየን ሰው ይስቃል። በመንገድ ያስቆሙኝ ሴትዮ አንድ ቀን መጥተው፣ እንዴት ሽማግሌ ታንገላቻለሽ፣ ወንበራቸውስ የት ሄደ አሉኝ። ቡና አቀረብኩላቸው። በእሳቸው መፍረድ አልችልም፤ እሳቸው ያሉትን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያደረግኩትም እሳቸው ስላሉት አልነበረም።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ አባቴ መደገፊያቸውን እየገፉ ከበረንዳው እስከ ግቢው በር ደረሱ። ድሮ ሃያ ሁለት እርምጃ ነበር፤ አሁን አምሳ ስምንት ሆነ። በሩን ከፍቼላቸው የበሩን ብረት ይዘው ቆሙ። አዲሱን የእግረኛ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሲሠራ ድምፁን ብቻ የሰሙትን። አንዲት በቱታ የምትራመድ ወፍራም ሴት ሰላም ብላቸው አለፈች። ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው መለሱላት።

«እኔ እስከዚህ ለክቻለሁ» አሉኝ። «ቀሪውን ሂጂና ለኪልኝ።»

መኪናዬ ከጀርባችን ቆማለች። ምንም ሰበብ አልመጣልኝም። ገብቼ አልጋዬ ሥር አጎንብሼ፣ አራት ዓመት ገደማ አቧራ የጠጣውን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። ያን ቀን ያልነካሁትን ክዳን ከፈትኩ። ሐምራዊ መስመር ያለው ነጭ ሸራ ጫማ። ቁጥሩን አየሁ፤ የኔው ነው። ማሰሪያውን ሳነሳ የግራው ጫፍ ፕላስቲክ የለውም። መጀመሪያ ያመጡት፣ ጠበበኝ ያልኩት፣ ያው ራሱ ጫማ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አንዱን በእጄ ይዤ ለመነሳት ጊዜ ፈጀብኝ።

ሄድኩ። እየቆጠርኩ ወረድኩ፤ ሲደክመኝ ስልክ ሳላወጣ፣ ማንም ያየኝ ዘንድ ቆሜ አረፍኩ። እስጢፋኖስ ጋ ቁጥሩ ጠፋብኝ። አባቴ ያኔ ጫማቸውን ለማሰር ያጎነበሱበት ቦታ ነበርና ሐሳቤ ሄደ። ስታዲየም ስደርስ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ይዘው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቀርቤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ልነግራቸው አሰብኩ፣ ድፍረት አጣሁ። ከሩቅ እጅ ነስቼ በመጣሁበት ሽቅብ ተመለስኩ። ለመመለሱ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

አባቴ በረንዳው ላይ፣ በጠንካራው ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«ጠፋብኝ አባባ። እስጢፋኖስ ጋ ጠፋብኝ።»

«እሱ ቦታ ያስቸግራል። ነገ ትደግሚዋለሽ» አሉና ወደ እግሬ አዩ። «አልጠበበሽም?»

«አልጠበበኝም» አልኩ። ደረጃው ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «ያኔም አልጠበበኝም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ ለምን በዚያ ፀሐይ ሁለቴ ተመላለሱ?»

ወደ ግቢው በር አዩ።

«አንቺ መሄጃ ምክንያት ሰጠሽኝ እንጂ ምን አደረግሽኝ» አሉ። «መንገዱን እወደው ነበር።»